ስለ ብረታ ብረት ክዳንና ከጣራ ስለሚወርድ ብርሃን

የኢትዮጵያ ቤት ሠሪ የሣር ቤት ሲከድን ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቅለት ስፍራ የጣራው አናት ነው። እንጨቱ ሁሉ ከዙሪያው ተነሥቶ በምሰሶው ራስ ላይ በሚገናኝበት ስፍራ ሣሩን ሰብስቦ አጥብቆ ያስረዋል፤ በላዩም ጉልላት ይደፋበታል። ዝናብ አስቀድሞ የሚፈትነው ያንን ስፍራ እንደ ሆነ ከአባቶቹ ተምሮአልና። ስለዚህም በእንዲህ ያለ ቤት ብርሃን የሚገባው ከበሩ ነው፤ ጢሱ ግን በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ሾልኮ ይወጣል። ከባሕር ማዶ ያሉ አንዳንድ ሕዝቦች ግን ብርሃን ከላይ እንዲወርድላቸው ስለ ፈለጉ ኢትዮጵያዊው አጥብቆ የዘጋውን ያንኑ አናት ከፈቱት፤ ጣራውንም በነሐስ፥ በእርሳስ፥ በኋላም በብረት ከደኑት። ክዳናቸው ስንት ዘመን ኖረ? ዕድሜውን ያረዘመው ወይም ያሳጠረውስ ምንድር ነው? ይህን ታላላቆቹ ሕንጻዎች በደረሰባቸው ነገር ይመሰክራሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከላይ ብርሃን ከሚወርድባቸው ከጥንት ሕንጻዎች ሁሉ የታወቀው በሮማ ያለው ፓንተዎን ነው። ይህን ሕንጻ ዛሬ በሚታይበት መልክ ያሠራው ከ117 እስከ 138 የነገሠው ቄሣር ሐድርያኖስ ነው። ክብ ጣራው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 43 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለውም ቁመት ከዚሁ ጋር እኩል ነው። በአናቱም ላይ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ተትቶአል፤ መስተዋትም ሆነ ሌላ መክደኛ የለውም። ፀሐይ በገባች ጊዜ እንደ ዓምድ ሆና ትወርድና ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትዞር ትውላለች። ዝናብም በዘነበ ጊዜ እንዲሁ ይገባል። ሠሪዎቹ ይህን አስቀድመው ስላወቁ የወለሉን መካከል በጥቂቱ ከፍ አድርገው በውስጡ ጥቃቅን የውሃ መውረጃ ቀዳዶችን አበጁበት። እንግዲህ ውሃውን መከልከል ባይችሉ መንገድ ሰጡት ማለት ነው።

የዚህ ክብ ጣራ ውጫዊ ልብስ ነሐስ ነበረ። ነሐስ ዝገቱ ራሱ መጋረጃ ስለሚሆንለት ዕድሜው እጅግ ረጅም ነው፤ የፓንተዎንም ክዳን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ሳያሸንፈው ቈይቶአል። በ609 ቄሣሩ ፎቃስ በሰጠው ፈቃድ የሮማው ጳጳስ ቦኒፋቲዎስ አራተኛ ሕንጻውን በእመቤታችን በማርያምና በሰማዕታት ስም ቤተ ክርስቲያን አደረገው። ነገር ግን በ663 የቊስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስታንስ ወደ ሮማ መጥቶ ዐሥራ ሁለት ቀን በተቀመጠ ጊዜ የከተማውን ነሐስ ሲያስወርድ የዚህንም ቤተ ክርስቲያን ክዳን ገፈፈው። ጳውሎስ ዲያቆን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ የተዘረፈው ሀብት ሲራኩስ በተባለችው የሲኪልያ ከተማ ሳለ፥ ንጉሡ በ668 በዚያው ከተገደለ በኋላ በዐረቦች እጅ ወደ እስክንድርያ ተወሰደ። ጣራው ራቁቱን ቀርቶ ሰባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ735 ገደማ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ሦስተኛ በእርሳስ አስከደነው። በ1620ዎቹም ጳጳሱ ኡርባኖስ ስምንተኛ ከመግቢያው አዳራሽ ጣራ ሥር የቀረውን ነሐስ አስወርዶ አብዛኛውን ለመድፍ መሥሪያ አደረገው። በአናቱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የነሐስ ቀለበት ግን እስከ ዛሬ በስፍራው አለ።

አንባቢ ይህን ያስተውል። በዚህ ሕንጻ ታሪክ ክዳኑን ያጠፋው በቀዳዳው የገባው ዝናብ አይደለም፤ ውሃው መውረጃ ተሰጥቶታልና። ክዳኑን ያጠፋው የሰው እጅ ነው። ነሐስ ከዝናብ ይልቅ ዋጋው ጠላት ሆነበት።

በነሐስ ፋንታ የገባው እርሳስም የራሱ ጠባይ አለው። አየር በነካው ጊዜ ግራጫ ቆዳ ያወጣል፤ ያም ቆዳ ከዝገት ይጠብቀዋል። በብልሃት የተነጠፈ እንደ ሆነ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ነገር ግን ለስላሳና ከባድ ነው። ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፥ ሌሊት በብርድ ይኰማተራል፤ በቆመ ጣራ ላይም በገዛ ክብደቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሳባል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሰፊውን ሉህ ባንድነት አይቸነክረውም፤ በትንንሹ ከፍሎ፥ የአንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ አጥፎ፥ ለመላወሻ የሚሆን ስፍራ ይተውለታል። ደግሞም በ327 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ እሳት በተነሣ ጊዜ እንደ ውሃ ይወርዳል። በሥሩ ያለው እንጨት እስካልተቃጠለ ድረስ ብቻ ታማኝ ነው።

በቊስጥንጥንያ ያለችው ቅድስት ሶፍያም በእርሳስ የተከደነች ናት። ዩስጢንያኖስ ንጉሥ በ537 ያስፈጸማት ይህች ቤተ ክርስቲያን ክብ ጣራዋ በ558 ወደቀ፤ በ562ም ከፊተኛው ከፍ ተደርጎ እንደ ገና ተሠራ። የሕንጻው ሊቃውንት የሮማውን ምሳሌ አልተከተሉም። አናቱን ዘግተው፥ ክብ ጣራው ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት በግርጌው ዙሪያ 40 መስኮቶችን ከፈቱ። ስለዚህ ብርሃኑ ከፍ ካለ ስፍራ ይወርዳል፤ ዝናቡ ግን የሚያገኘው የተኛ ቀዳዳ ሳይሆን የቆመ መስኮት ነው። ከላይ ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ ይልቅ ከውሃ የሚጠበቀው መንገድ ይህ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የሕንጻ ባለሙያዎች ያውቁታል።

የጣራና የብርሃን ነገር ታላቅ ክርክር የሆነው ግን በኢየሩሳሌም በጌታችን መቃብር ላይ ነው። በ335 የተመረቀው የቈስጠንጢኖስ ሕንጻ በ1009 በግብጹ ገዥ በአል ሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ፤ በ1048 ገደማም በቄሣሩ በቈስጠንጢኖስ ሞኖማኮስ ዘመን እንደ ገና ተሠራ። በመቃብሩ ላይ የቆመውም ክብ ሕንጻ ለብዙ መቶ ዓመታት የእንጨት ጣራ ነበረው፤ አናቱም ለሰማይ ክፍት ነበረ። በ1808 የተነሣው እሳት ያንን እንጨት አቃጥሎ በመቃብሩ ላይ ጣለው። በ1810 ኮምኔኖስ የተባለው የግሪክ ሊቅ አድሶ ሠራው። ነገር ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ክብ ጣራው አረጀ፤ ዝናቡም ገባ።

የሚያድስ ጠፍቶ አልነበረም፤ ይልቁን ሁሉም ማደስ ፈለጉ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ግን ጣራን ወይም ወለልን የሚያድስ ወገን የዚያ ስፍራ ባለቤት ሆኖ ይቈጠራል። በ1929 በእንግሊዞች አስተዳደር ጊዜ ስለ ቅዱሳት መካናት ሥርዐት የተዘጋጀውም መዝገብ ይህንኑ ልማድ አስፍሮታል። ስለዚህ ግሪኮች ቢያድሱ ላቲኖች፥ ላቲኖች ቢያድሱ ግሪኮች ርስታቸውን የተነጠቁ መሰላቸው። አንድ የእርሳስ ሉህ መለወጥ ርስት እንደ መውሰድ ሆነ። በ1852 ሱልጣን አብዱልመጂድ ነገሩን ባለበት የሚያጸና ትእዛዝ አወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የቅዱሳት መካናት ክርክር ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነለት የክሪም ጦርነት ተነሣ። መንግሥታት ሲዋጉ ጣራው ያፈስስ ነበረ።

በመጨረሻ በ1862 ፈረንሳይ፥ ሩሲያና የቱርክ መንግሥት ሥራውን በአንድነት ሊያሠሩ ተስማሙ። ሞስ የተባለው ፈረንሳዊና የሩሲያው ኤፒንገር ተባብረው በዚያው ዐሥር ዓመት ማብቂያ ላይ አዲሱን ክብ ጣራ አቆሙ። የዚህ ጣራ አጥንት እንጨት ሳይሆን ብረት ሆነ፤ በላዩም እርሳስ ለበሰ። የአናቱ ቀዳዳ ደግሞ በመስተዋት ተከደነ። እንዲህ ሆኖ ብርሃኑ በመቃብሩ ላይ እንደ ጥንቱ ወረደ፥ ዝናቡ ግን ተከለከለ። ቢሆንም ድካሙ በዚህ አላበቃም። በ1949 በኅዳር ወር እሳት ተነሥቶ ይህንንም ጣራ ክፉኛ ጐዳው። ግሪኮች፥ ላቲኖችና አርመኖች በአንድ ቃል እስኪስማሙ ድረስ የውስጡ ጌጥ ብዙ ዘመን ሳይፈጸም ቈየ፤ ተፈጽሞም የተመረቀው በጥር 1997 ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መነኰሳት የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን የሚገኘው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ ከቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት በላይ ነው። በገዳሙ አደባባይ መካከል አንድ አነስተኛ ክብ ጣራ ብቅ ብሎ ይታያል፤ መስኮቶቹ ከሥር ላለው ቤተ ጸሎት ብርሃን ይሰጣሉ። ኢትዮጵያዊው መነኵሴ በደጁ ሲመላለስ በአጠገቡ የሚያልፈው ነገር እንግዲህ ለሌሎች ብርሃን የሚያወርድ የጣራ መስኮት ነው። በኢትዮጵያውያንና በቅብጦች መካከል ስለ ስፍራው ያለው ክርክር ረጅም ስለ ሆነ፥ የመነኰሳቱ ጐጆዎች ባረጁ ጊዜ እድሳታቸው በዚሁ ምክንያት ሲዘገይ ኖሮአል። በታላቁ ጣራ ላይ የደረሰው ነገር በትንሹም ጐጆ ላይ ደርሶአል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ቄሣሮችና ስለ ታላላቅ ሕንጻዎች ነው። የብረት ክዳን ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ግን በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። በ1829 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለው የለንደን ወደብ መሐንዲስ ስስ የብረት ሉህን እንደ ማዕበል አጥፎ የመሥራትን ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። ብረቱ ስስ ሳለ በእጥፋቱ ምክንያት ጠንካራ ይሆናል፤ ብዙ እንጨትም ሳይፈልግ ራሱን ይሸከማል። በ1837 ደግሞ ሶሬል የተባለው ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የሚጠብቅበትን መንገድ አወጣ። ዚንኩ ብረቱን ሸፍኖ ብቻ አይጠብቀውም፤ ጥቂት ቢፋቅ እንኳ በብረቱ ፋንታ እርሱ አስቀድሞ ይበላል። እንዲህ ስለ ሆነ የክዳኑ ዕድሜ የዚንኩ ዕድሜ ነው፤ ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል።

በኢትዮጵያም ቆርቆሮ የተባለው ይኸው ነው። የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባድ ዕቃ ከባሕር ወደ ደጋ ማውጣት ቀለለ። ከጊዜ በኋላም ሣር ክዳን የነበሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና የከተማ ቤቶች ቆርቆሮ ለበሱ። ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ እሳት ቶሎ አይዘውም፥ በየጥቂቱ ዓመት ክደኑኝ አይልም። ነገር ግን ሣር የነበረው አንድ ጠባይ ለቆርቆሮ የለውም፤ አይተነፍስም። ሌሊት በቀዘቀዘ ጊዜ የሰውና የምድጃ እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። መናፈሻ ያልተተወለት እንደ ሆነ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ በቤተ ክርስቲያንም ሥዕሉን ያጠፋል።

አሁን በከተማ ጨለማ የሆነውን የመካከል ክፍል ለማብራት ከቆርቆሮው አንዱን ሉህ አንሥቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሉህ ማግባት የተለመደ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የሮማንና የኢየሩሳሌምን ሥራ በትንሹ ይሠራል፤ የእነርሱም ፈተና ይመጣበታል። ቆርቆሮ በተቈረጠበት ጠርዝና ሚስማር በገባበት ቀዳዳ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ሚስማሩ ውሃ በሚወርድበት በጐድጓዳው ሳይሆን በጕብታው ላይ ይመታል። ብርሃን የሚያሳልፈው ሉህ ከላይ በኩል በላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፥ ከታች በኩል ደግሞ በታችኛው ላይ ይደርባል፤ እንዲህ ሆኖ ውሃው የቁልቁለቱን መንገድ ሳይስት ያልፋል። ከፕላስቲክ የተሠራውም ሉህ ከቆርቆሮው አስቀድሞ በፀሐይ ይገረጣል፥ ይሰባበራልም፤ ሰውም ሊረግጠው አይገባም። ስለዚህ ያ ስፍራ ከሌላው ጣራ በፊት መለወጥ እንደሚገባው የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የእነዚህ ሁሉ ጣራዎች ታሪክ ሲመዘን የሚገኘው ፍርድ አንድ ነው። ነሐሱ አምስት መቶ ዓመት ኖሮ በአንድ ሰሞን ተገፈፈ። የኢየሩሳሌሙ ጣራ ግን ዘራፊ ሳይነካው፥ ሁሉ እየወደደው፥ አንዱ ለሌላው ማደስን ስለ ከለከለ ብቻ አፈሰሰ። የክዳን ዕድሜ በማዕድኑ ብቻ አይለካም፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት መሰላል አቁሞ የሚመለከተው፥ ያየውንም ጥፋት ለማደስ የማይከለከል ሰው በመኖሩ ይለካል። በጣራው ላይ ብርሃን የሚገባበትን ስፍራ የከፈተ ሰው ያንን ጥበቃ በፈቃዱ በራሱ ላይ ጨምሮአል። የጥንቱ ከዳኝ አናቱን በጉልላት የደፋው ብርሃንን ጠልቶ አይደለም፤ ዝናብ የሚመጣበትን ስፍራ አውቆ ነው። ከላይ ብርሃን የሚሻ ሰውም የእርሱን ያህል ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ይክፈት።