ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ

ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ልጅ፣ የዘውዱ ዘመን አገረ ገዥና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሦስት ወንድሞቻቸው፣ አበራ፣ አስፋወሰንና ወንድወሰን፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ተገድለዋል፤ የቤቱ ሸክም በእርሳቸው ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከነጻነት በኋላ በጎንደር ተቀምጠው በጌምድርና ስሜንን አስተዳደሩ።  ወለጋን፣ አርሲንና ሸዋንም ገዝተዋል።

አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ በሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ ቢቀመጡም፣ ከሁሉ ይልቅ ክብደታቸው የታየው በታኅሣሥ 1953 ነው። መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ከጄኔራል መርዕድ መንገሻ ጋር ሆነው ለዘውዱ የታመነውን ኃይል አስተባበሩ።

በኋላ የኤርትራ እንደራሴ ሆኑ። የኤርትራን ጉዳይ በአካባቢው ተወላጆች ተሳትፎ ለመፍታት መሞከራቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር አቃቃራቸው፤ በ1963 ተነሥተው የዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ተደረጉ። አብዮቱ ሲፈነዳ ታሰሩ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።