ከለገሃር እስከ ለቡ

ተማሪዎቼ «ለገሃር ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ «ላ ጋር፣ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ» እላቸዋለሁ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፣ ሰፈሩም በጣቢያው ተጠራ። ድሬዳዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሐረርን ትቶ በሜዳው ስላለፈ የተቆረቆረች ናት። ጣቢያ ከተማ ይወልዳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የፓሪስ–ሊዮን ፈጣን ባቡር ዛሬ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ግን ምስጢሩ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ከመሃል ከተማ አሳፍሮ መሃል ከተማ ነው የሚያወርደው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የእኛ ኤሌክትሪክ ባቡር ግን መንገደኛውን የሚጠብቀው ዳር ላይ፣ እዚሁ እኛ ጋ ለቡ ነው። ከፒያሳ ለሚመጣ ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከታክሲ ሰልፍ ነው። ድሬዳዋም ከሜዳ ነው የተነሳችው፤ ለቡም ተስፋ አላት። ብቻ የከተማ አውቶቡሱን ከባቡሩ ሰዓት ጋር እናገናኝላት!