የአክብሮት ጥያቄ በእንግሊዝኛ (በሥራ ቦታ)

በሥራ ላይ አንድን ነገር በእንግሊዝኛ በትሕትና የመጠየቅ ልማድ። በወላይታ ሶዶ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛም ይጻፋል፤ እንግሊዝኛ የሚበረታው በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ከውጭ አጋሮች ጋር በሚሠሩ ድርጅቶች ነው። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ይይዛል፤ «ይላኩልኝ» ያለ ሰው ሌላ ማለስለሻ ብዙም አያሻውም። እንግሊዝኛ ግን ለአለቃም ለተላላኪም ያለው «ዩ» ብቻ ስለሆነ ትሕትናውን በጥያቄ መልክ ይገልጻል፦ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት?» እንደ ማለት። «ፕሊዝ ሴንድ» ትእዛዙን ቢያለዝብም ትእዛዝነቱን አያስቀርም፤ ለቅርብ ባልደረባ ይበቃል፣ ለኃላፊ ሲጻፍ ግን ይጎረብጣል። በአገራችን ኢሜይሎች የሚዘወተረው «ካይንድሊ»ም ያው ነው። ከእርሱ ይልቅ የጥያቄውን ምክንያትና የሚፈለግበትን ቀን መጨመር ይሻላል።