መስመር ላይ የቀረው ኳስና የተረሳው ቢጫ ካርድ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ደጋፊው አዲስ አበባ ስታዲየም የደረሰው በጠዋት ነው። ትኬት ለማግኘት ሌሊቱን በሰልፍ ያደረም ነበር። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ ሁሉም ሞልቷል። ተጋጣሚዋ የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናይጄሪያ ናት። ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት አስር ቡድኖች አምስቱ በደርሶ መልስ አሸንፈው ወደ ብራዚል ይሄዳሉ። ኢትዮጵያ ከአስሩ አንዷ ነበረች። በታሪኳ ለዓለም ዋንጫ ይህን ያህል ቀርባ አታውቅም።

ከእረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ አገባ። የዚያን ጊዜ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። አስር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ እሱንም ያገባው ኢሜኒኬ ነው። 1 ለ 2።

ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ካላባር ላይ የተደረገው የመልስ ጨዋታ 2 ለ 0 አለቀ። ድምሩ 4 ለ 1 ሆነ። ናይጄሪያ ወደ ብራዚል ሄደች፤ ዋልያዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህ ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው። ደጋፊው ግን ሲተርከው ከዚህ አይጀምርም። እሱ የሚጀምረው ከአንድ ኳስ ነው።

▪️ መስመር ላይ የቀረው ኳስ

በአዲስ አበባው ጨዋታ ናይጄሪያዎች ከግባቸው አፍ ያወጡት አንድ ኳስ ነበር። «መስመሩን አልፏል፣ ገብቷል» ይላል ደጋፊው። ዳኞቹ አልገባም አሉ። ኳስ መስመር ማለፉን በካሜራ የሚለየው ቴክኖሎጂ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ የዋለው ከስምንት ወር በኋላ ብራዚል ላይ ነው። ኢትዮጵያ ልትደርስበት በቀረችው በዚያው ውድድር ማለት ነው። ቁጭቱ እስከ ዛሬ ያልበረደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁጭቱ ላይ የሚጨመር ሌላም ቁጥር አለ። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ሁለቱ ቡድኖች በአሥር ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል። የመጀመሪያው ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ላይ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ነው። ናይጄሪያ 2 ለ 0 ያሸነፈችው ቪክቶር ሞሰስ ባገባቸው ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበር። አዲስ አበባ ላይ የማሸነፊያው ግብ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ካላባር ላይም የመጀመሪያው ግብ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር፤ ያገባውም ራሱ ሞሰስ ነው። ናይጄሪያ በሦስቱ ጨዋታዎች ካገባቻቸው ስድስት ግቦች አራቱ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ደጋፊው ይህን ሲሰማ «ይኸው! ዳኛው ነው!» ይላል። ቁጥሩ ግን በሌላ በኩልም ይነበባል። በሦስት ጨዋታ አራት ጊዜ በራሱ ክልል ውስጥ ፍጹም ቅጣት ምት የሚሰጥበት ቡድን፣ ጫና ሲበረታ የሚረበሽ ተከላካይ ክፍል ይዟል ማለት ነው። አንዱን ፍርድ በዳኛ ማሳበብ ይቻላል። አራተኛው ላይ ሲደረስ ግን ልምምድ ሜዳውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

▪️ የተረሳው ካርድ

አሁን ጥቂት ወራት ወደ ኋላ እንመለስ። ደጋፊው ብዙ የማያነሳው የታሪኩ ክፍል እዚያ ነው ያለው።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በምድብ ማጣሪያው ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈች። በሳምንቱ፣ እሑድ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረታች። አቻ ያደረገው ጌታነህ ከበደ ሲሆን የማሸነፊያዋን ግብ ደቡብ አፍሪካዊው በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠራት። ሒሳቡ ተዘጋ፤ ኢትዮጵያ ምድቡን በአንደኝነት አለፈች ተባለ። ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ።

በዚያው ዕለት ፊፋ መግለጫ አወጣ። በቦትስዋናው ጨዋታ ኢትዮጵያ ያልተገባ ተጫዋች አሰልፋ እንደሆነ እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። ነገሩ ቀላል ነበር። ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ አንድ ጨዋታ ማረፍ ነበረበት፤ ግን ተሰለፈ። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ውጤቱ ተሰርዞ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረ። ሦስት ነጥብ ሄደ።

ይህን ስሕተት የፈጸመው ዳኛ አይደለም፤ ናይጄሪያም አይደለችም። የትኛው ተጫዋች ስንት ካርድ እንዳለበት በደብተር መመዝገብ፣ ከጨዋታ በፊትም ደብተሩን ገልጦ ማየት ብቻ ነበር የሚፈለገው።

በመጨረሻ ነገሩ በሜዳ ተስተካከለ። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን መግጠም ነበረባቸው። በዚያች አገር መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶ ስለነበር ጨዋታው ወደ ብራዛቪል ተዛወረ። ማሸነፍ ግዴታ ነበር፤ 2 ለ 1 አሸነፉ። 13 ነጥብ ይዘው፣ 11 ነጥብ ያላትን ደቡብ አፍሪካን አስከትለው አለፉ። ዘመን ሊለወጥ ሦስት ቀን ሲቀረው የደረሰ የምሥራች ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ካርዱ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በዚያው ዕለት በሌላ ምድብ የሆነውን ማየት ግን ያስተምራል። ኬፕ ቬርዴ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ለመጨረሻው ዙር አለፈች። ቀናት ሳይቆዩ፣ ቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች አሰልፋለች ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። በእሷ ፋንታ ቱኒዚያ ገባች። ጥፋቱ ከኢትዮጵያ ጥፋት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ማካካሻ የሚሆን ጨዋታ ቀርቷት ነበር፤ ኬፕ ቬርዴ ግን አልቀራትም። ጥቅምት 3 ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረው ደጋፊ ያ ዕድል ባይኖር ኖሮ የሚሰለፍበት ጨዋታ ራሱ አይኖርም ነበር።

▪️ ከካላባር በኋላ

የካላባሩ ቅዳሜ የመጣው በከባድ ሳምንት ነው። በዚያ ሰሞን ሳውዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች እያሰሰች ነበር። ከሪያድ የሚመጣው ዜናና ምስል ብዙ ቤት አስለቅሷል። በቀጣዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙ ሰው ከዚያ ምሽት ጨዋታ የጠበቀው ዋንጫ ብቻ አልነበረም። ለዘጠና ደቂቃም ቢሆን ስለ አገሩ ሌላ ወሬ መስማት ፈልጎ ነበር። ቪክቶር ኦቢና የቅጣት ምቱን ሲያገባ እሱም አበቃ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የተለመደው ነው። ጥር ላይ ቡድኑ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ በቻን፣ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸንፎ ተመለሰ። ከ31 ዓመት በኋላ አገሪቱን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። አሰልጣኝ መለወጥ ይቀላል፤ ከባዱ የካርድ መመዝገቢያውን ደብተር የሚይዘውን አሠራር መለወጥ ነው። ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው።

ተመሳሳይ ቸልተኝነት ኋላ ላይ የደጋፊውን መቀመጫ ራሱን ወሰደበት። የአዲስ አበባ ስታዲየም የካፍን መስፈርት ስላላሟላ ጨዋታዎች ወደ ባሕር ዳር ተዛወሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሕር ዳርም ታገደ። ኅዳር ላይ ኢትዮጵያ ጋናን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ «በሜዳዋ» ስታስተናግድ ሜዳው ጆሃንስበርግ ነበር። በተከታዮቹ ዓመታትም «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለው ሞሮኮና ሌሎች አገሮች ላይ ተደረገ። ለዚህ ተጠያቂ የሚሆን የናይጄሪያ አጥቂ የለም። መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ወንበር፣ የሜዳ ሣር ነው ጉዳዩ፤ ተዘርዝሮ በጽሑፍ የተሰጠ መስፈርት ነው። እንደ ቢጫ ካርዱ፣ አስቀድሞ ሊታይ የሚችል ነገር ነበር።

አገሪቱ ካፍን በ1957 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ1962 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው እዚያው አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነው፤ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ።

ደጋፊው ስለዚያ ኳስ መናገሩን አይተውም፤ መተውም የለበትም። መስመር አልፎ ከነበረ በደል ነው፤ በደል ደግሞ አይረሳም። ግን ቁጭት ሁሉ በአንድ ኳስ ላይ ሲቆለል፣ ካርዱን ያልመዘገበውና ስታዲየሙን ያላደሰው ወገን ሳይጠየቅ ያልፋል። ዳኛውን መለወጥ ከኢትዮጵያ አቅም በላይ ነበር። ደብተሩን መያዝ ግን በእጇ ነበር።

ያኔ ሌሊቱን በሰልፍ ያደረው ወጣት ዛሬ የልጆች አባት ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ብሔራዊ ቡድናቸው ሲጫወት ያዩት በስልክና በቴሌቪዥን፣ ከሩቅ አገር ሜዳ ነው። እሱ ቢያንስ የተሸነፈው እዚያው፣ በአገሩ፣ በገዛ ድምፁ እየጮኸ ነበር። እነሱ ያ አልደረሳቸውም።