ማርሹን ማን ይምረጥ? የአውቶማቲክ ካምቢዮና የአሽከርካሪው እጅ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአንዲት ትንሽ ዘንግ ላይ ያተኩራል። አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ሲነሣ ወደ «ዲ» ያደርሳታል፤ ከዚያም እስኪቆም ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይነካትም። ይሁን እንጂ ከ«ዲ» አጠገብ «ኤል» ወይም «2» ተጽፎ፣ በአዳዲሶቹም ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተቀርጾ እናያለን። ማርሹን ራሱ ለሚቀይር መኪና እነዚህ ምልክቶች ምን ይፈይዱለታል? የቴክኖሎጂ ታሪክ ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚፈልገው ከፈልሳፊዎች ዘንድ ነው። እኔ ግን ምልክቶቹን በዚያ ያቆያቸው በዋናነት የአሽከርካሪዎች ልማድ መሆኑን ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች አቀረበ። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ኧርል ቶምሰን ሲሆን፣ በ1928 ካዲላክ መኪኖች ላይ የዋለውን፣ ማርሽ ሲገባ እንዳይንጫጫ የሚያደርገውን ሲንክሮሜሽ የፈለሰፈውም እርሱ ነበር። በእጅ መቀየርን ያቀለለውም፣ ለማስቀረት የተነሣውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው። በሃይድራማቲክ የፍሪሲዮን ፔዳል ቀረ፤ የሞተሩም ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ማርሾቹ ተላለፈ።

ይህ መሣሪያ የሚቀይርበትን ሰዓት እንዴት ያውቅ ነበር? በውስጡ ሁለት የዘይት ግፊቶች ይፎካከራሉ። አንደኛው መኪናው በፈጠነ መጠን ይጨምራል፤ ሁለተኛው አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን በረገጠ መጠን ይጨምራል። የፍጥነቱ ግፊት ሲያሸንፍ ካምቢዮው ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይሻገራል። እንግዲህ የካምቢዮው ዕውቀት በሁለት ነገሮች የተወሰነ ነበር፦ አሁን ያለው ፍጥነትና አሁን ያለው ርግጫ። ከፊት ያለውን ዳገት፣ ከኮረብታው ጀርባ የሚጠብቀውን ጠመዝማዛ፣ ሊቀደም የታሰበውን የጭነት መኪና የሚያይ ዓይን አልነበረውም። ለዚህም ነው ከመጀመሪያው አንሥቶ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳይሻገር የሚይዘው ዝቅተኛ ምርጫ በዘንጉ ላይ የተተወለት።

የታሪኩን አቅጣጫ በግልጽ የሚያሳየን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1948 ቡዊክ ዳይናፍሎን፣ በ1950 ደግሞ ሸቭሮሌ ፓወርግላይድን ለገበያ አቀረቡ። ሁለቱም በቶርክ ኮንቨርተር ላይ የተመኩ ነበሩ፤ ይኸውም በዘይት ዑደት የሞተሩን የመጠምዘዝ ጉልበት የሚያበዛ መሣሪያ ነው። አሽከርካሪው «ዲ»ን ከመረጠ መኪናው ከቆመበት የሚነሣው በከፍተኛው ማርሽ ነበር፤ አንዳችም የቅየራ ንቅናቄ አይሰማም። ምቾቱ የተገዛው ግን በዝግታ ነው። መኪናው ሲነሣ የሞተሩ ጉልበት ከፊሉ ዘይቱን በማሞቅ ይባክን ነበር።

አሽከርካሪዎች መፍትሔውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ«ኤል» እየተነሡ፣ ፍጥነት ሲይዙ ዘንጉን ወደ «ዲ» ይገፉ ጀመር። የፓወርግላይድ ዝቅተኛ ማርሽ ጉልበቱን 1.82 ጊዜ ያበዛ ስለነበር ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ነበር። ይሁንና ካምቢዮው ለእንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ቅየራ ስላልተሠራ የውስጥ ክፍሎቹ ያለጊዜያቸው ይጎዱ ነበር። በ1953 ሸቭሮሌ ፓወርግላይድን አሻሽሎ በዝቅተኛው ማርሽ ተነሥቶ ራሱ ወደ ላይ እንዲሻገር አደረገው። አሽከርካሪው በእጁ ሲሠራው የነበረውን ፋብሪካው በማሽኑ ውስጥ አስገባው ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1952 ሃይድራማቲክም ከሦስተኛ ማርሽ እንዳይወጣ የሚይዝ ተጨማሪ ምርጫ ተሰጥቶት ነበር።

ልማዱ በኋላ ሕግም ሆነ። ከ1968 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ፌዴራል የደኅንነት ደንብ፣ ከዘንጉ የወደፊት ምርጫዎች አንዱ በዝቅተኛ ፍጥነት ከከፍተኛው ማርሽ የበለጠ በሞተር የመያዝ አቅም እንዲኖረው አዘዘ። አውቶማቲክ ካምቢዮ በተስፋፋበት አገር ሕግ አውጪው ለሰው እጅ ቦታ መጠበቁን ልብ በሉልኝ።

በ1989 ፖርሸ ቲፕትሮኒክን ሲያቀርብ ዘንጉን ወደ ጎን አስወጥቶ በመግፋትና በመሳብ ማርሽ መምረጥ ተቻለ። ብዙዎች ይህን የውድድር ጌጥ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን የሥራ ክፍፍል ውል አድርጌ አነበዋለሁ። አሽከርካሪው ይመርጣል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩን ከዐቅሙ በላይ የሚያስፈጥን ምርጫ ሲመጣ እምቢ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ እምነት መመርመር ይገባል። በእጅ መቀየር ሁልጊዜ መኪናን ያፈጥናል የሚባለው እውነት አይደለም። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ በደንብ የተስተካከለ ካምቢዮ ራሱ ማርሹን የሞተሩ ኃይል እስከሚበረታበት ድረስ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ መያዝ ጩኸት እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። የእጅ ጥቅም ያለው በቅድሚያው ነው፦ ከመቅደም በፊት፣ ከጠመዝማዛው በፊት፣ ከቁልቁለቱ በፊት። አብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች ዳገትንና ቁልቁለትን ከሞተሩ ጫናና ከመኪናው ፍጥነት ይገምታሉ፤ ግምቱ የሚመጣው ግን መኪናው ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የገቡት በእጅ በሚቀየሩ መኪኖች ዘመን ነው፤ «በማርሽ መውረድ» የሚለው ጥበብም የዚያው ዘመን ውርስ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ አውቶማቲክ መኪኖች በዝተዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ግን እንደ ጥንቱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በ«ዲ» ትቶ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይከዳዋል። በዘንጉ ላይ የተጻፈችው «ኤል» ወይም «2» የተቀመጠችለት እንዲህ ላለው ቦታ ነው፤ ትርጉሟን ሳያስተምር መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ሥርዓት የሕይወት ጉዳይ የሆነ ዕውቀትን ያጎድላል።

ለታሪክ ተማሪዎች የምተወው አደራ ይህ ነው። ማሽን ስታጠኑ በፈልሳፊው የፈጠራ መብት ሰነድ ላይ ብቻ አትቁሙ፤ ተጠቃሚው በእጁ የጨመረበትንም ፈልጉ። ከዘንጉ ጎን ያለችው ፊደል ማሽኑ የማያየውን መንገድ የሚያዩ ሰዎች ያስከበሯት ቦታ ናት።