«እህል» ከየት መጣ? ስለ አንድ የጠፋ ግሥ



ሮብ ገበያን በስሟ የጠራ ሁሉ ሳያውቀው የድምፅ ታሪክ ይናገራል፤ የግዕዙ «ረቡዕ» የመጨረሻውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ «ሮብ» ሆኗልና። ዛሬ የማቆያችሁ ግን በእንዲህ ያለ ገበያ በቁና ከሚሰፈረው ነገር ስም፣ ከ«እህል» ላይ ነው።

«እህል» በግዕዝ «እክል»፣ በትግርኛ «እኽሊ» ነው። ከየትኛው ግሥ ወጣ ብለን ብንጠይቅ አማርኛ መልስ የለውም። ግዕዝ «አከለ» አለው፤ ትርጉሙ ግን «በቃ፣ ተካከለ» እንጂ «በላ» አይደለም፤ በመልክ መመሳሰል ብቻ አላዛምዳቸውም። ወደ ውጭ ስንሻገር ግን የዐረብኛው «አከለ»፣ የዕብራይስጡ «አኻል»፣ የአካድኛው «አካሉ» ሁሉም «በላ» ማለት ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ከእነዚህ ተነሥተው ለጥንተ ሴማዊ አ-ክ-ል የሚል ሥር መልሰው አቋቁመዋል። በፊቱ የሚያኖሩት ኮከብ ምልክት በየትም ተጽፎ አለመገኘቱን ያመለክታል።

ታዲያ የኛ «በላ» ማን ነው? የግዕዙ «በልዐ» እንደ «ረቡዕ» ዐይኑን ጥሎ የተገኘ ነው። ዘመዶቹ፣ የዐረብኛው «በለዐ» እና የዕብራይስጡ «ባላዕ»፣ «ዋጠ» ማለት ናቸው። በዕብራይስጡ መጽሐፈ ዮናስ ትልቁ ዓሣ ነቢዩን የሚውጠው በዚሁ ግሥ ነው፤ በኛ ፍቺ ቢነበብ ኖሮ ዮናስ ባልተረፈ ነበር! በኢትዮጵያ የመዋጥ ግሥ የመብላትን ወንበር ያዘ፤ መዋጥ ደግሞ በግዕዝ «ውኅጠ»፣ በአማርኛ «ዋጠ» ይባላል።

በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይነሣና «የኛው የመጀመሪያ፣ የነሱ የተለወጠ ቢሆንስ?» ይለኛል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነውና አላቃልለውም። አካድኛ ግን ከግዕዝ እጅግ ቀድሞ በሸክላ ላይ ተጽፏል፤ በዘመንም በቦታም የተራራቁ ቋንቋዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ዐይነት ለውጥ አደረጉ ማለት ይከብዳል። ከዚያም በላይ «እህል» ራሱ ይመሰክራል፦ ግሡ እኛ ዘንድ ኖሮ ባያውቅ ስሙ ከየት ይወለዳል? ትግርኛ «በልዐ»፣ የጉራጌው ቸሃ «በና» ማለታቸው ደግሞ ለውጡ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ሳይለያዩ የተፈጸመ መሆኑን ያሳያል። ይህን መቀበል ግዕዝን አያሳንስም፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ግዕዝን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር ሲያነጻጽሩ አላፈሩበትም።

ከገበያ ተመልሶ «እህል በላሁ» የሚል ሰው ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ ፊተኛው የሞተው ግሥ ልጅ ነው፣ ኋለኛው ወንበሩን የወረሰው።