አዋሽ ኬላ ላይ የሞቀው ኤሲ

ታዲያላችሁ፣ ነገሩ የሆነው በሐምሌ፣ ከቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ወደ ሐረርጌ የሚወርደው መኪና መንገዱን ሞልቶታል። ከመሐሉ አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለች፤ ልጅ መሪውን ይዟል፣ እናት ስእለታቸውን ሊያደርሱ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ልጁ ከአዲስ አበባ ሲነሳ የኤሲ ጋዝ አስሞልቷል። የሞላለት ሰው ጌጅ አልሰካም፣ ሚዛን አላወጣም፤ «ጋዝ አንሶታል» አለና ጨመረለት። አዳማን አልፈው መተሐራ ሲደርሱ ኤሲው እንዲያውም እናትን ነጠላ አስደረበ። አዋሽ ኬላ ላይ ግን ሰልፍ ሆነ። መኪናዋ ከመቆሟ ትኩስ አየር ፊታቸው ላይ ይነፍስ ጀመር። ሰልፉ ፈቀቅ ብሎ ሲነዱ ይቀዘቅዛል፤ ሲቆሙ ይሞቃል።

ይህቺን ያዙልኝ፤ የበሽታው ስም እዚህቹ ውስጥ ነው ያለው።

አዋሽ ሰባት እንደገቡ ልጁ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደና «ጋሼ፣ ጋዝ ጨምሩልኝ» አላቸው። ሰውየው መልሰው ጠየቁት፦ «ስትነዳ ይቀዘቅዛል?» «አዎ።» «ስትቆምስ?» «ይሞቃል።» «እንግዲያው ጋዙን ተወው፣ ኮፈኑን ክፈት።»

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጌጁን ሰኩ። የከፍተኛው ግፊት መርፌ 300 ፒ ኤስ አይን አልፎ ወደ ላይ መሄዱን ቀጠለ። ጎንበስ ብለው ከፊት አዩ። የራዲያተሩ ፋን ይዞራል፤ ከጎኑ ያለው የኤሲው ፋን ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኤሲ ከመኪናው ውስጥ የለቀመውን ሙቀት ውጭ የሚጥለው በኮንደንሰሩ በኩል ነው። መኪናው ሲሮጥ የመንገዱ ንፋስ ያበርደዋል፤ ሲቆም ሥራው የፋኑ ነው። ፋኑ ከሞተ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይከመራል።

ሽማግሌው በዚህም አልረኩም። አንድ ጆግ ውሃ አስመጡና ኮንደንሰሩ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱበት። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። መርፌው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ 200 አካባቢ ደረሰ። ከውስጥ እናት «ልጄ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» ብለው ጮኹ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ ዋጋው አንድ ጆግ ውሃ ነው።

ቀጥሎ ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ አገናኙት፤ አልተነሳም። በመፍቻ እጀታ መታ ሲያደርጉት ዞረ። የሞተሩ ካርቦን አልቋል ማለት ነው። ያገለገለ ፋን ተፈልጎ ተገጠመ።

ፋኑ እየዞረም መርፌው ከሚገባው በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሚዛን የተጨመረው ጋዝ በዝቷል ማለት ነው። ሰውየው እዚህ ላይ ተቆጡ፣ እኔም እቆጣለሁ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ካነሰ ያፈሰሰበት ቦታ አለ፤ መጋጠሚያው ላይ ዘይት የነካው አቧራ ይታያል። አዲስ አበባ ኤሲ ለወራት ሳይከፈት ይከርማል፤ ዘይቱ ካልተዘዋወረ የኮምፕሬሰሩ ጎሚኒ ይደርቅና ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። ሞተሩ ሳይነሳ ጌጅ ማየትም አያስተማምንም፦ በ35 ዲግሪ ሙቀት ጋዙ ግማሽም ይሁን ሙሉ፣ ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ መርፌው 115 አካባቢ ይቆማል። ልኩን የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው።

«ከንግሡ በኋላ ድሬዳዋ ስትወርድ» አሉት፣ «ጋዝ መሳቢያ ማሽን ያለው ቤት ፈልግ። ያለውን በሙሉ አስወጣና ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ግራም በሚዛን አስሞላ። ያለ ሚዛን ‹ልጨምርልህ› ለሚልህ እሺ እንዳትል።»

እናት ከኋላ አንገታቸውን አወጡና «ሰማህ?» አሉት።